ከዘፈኑ ወደ መጽሐፉ፤ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የሕይወት ታሪክ

በወረቀት ላይ ብቻ የተቀመጠ ቃል የሚያገኘው ፊደል የቆጠረውን ሰው ነው፤ በድምፅ የታጀበ ቃል ግን ወንዝ ተሻግሮ፣ ተራራ ወጥቶ ከሁሉም ጆሮ ይደርሳል። ይህን ነገር የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በታች ጋይንት የሚገኘው ቤተ ልሔም ከየአገሩ የተሰበሰቡ የድጓ ተማሪዎች የሚያስመሰክሩበት ታላቅ ጉባኤ ቤት ነው። ድጓ ፍለጋ ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ ወደ እኛ የሚመጣ ተማሪ እንደ ነበረ ሁሉ፣ ቅኔ ፍለጋም ከእኛ ወደ ጎጃም የሚሻገረው ብዙ ነበር። እንግዲህ ቃልና ዜማ በአገራችን ተለያይተው የኖሩበት ጊዜ የለም። ስለዚህ በዘመናችን አንድ ዘፋኝ ከአንድ ልብ ወለድ ታሪክ ላይ ዘፈን ቢያወጣ፣ አዲስ ነገር ፈጠረ ከማለት ይልቅ የአባቶቹን መንገድ ተከተለ ብንል ይሻላል።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ተዘጋጅቶ የነበረው አነስተኛ ኤግዚቢሽን ነው። የኤግዚቢሽኑ ርእስ ሙዚቀኞች የወደዷቸው መጻሕፍት የሚል ነበር። ሐሳቡን ያመነጩት የቋንቋ መምህራችን ሲሆኑ፣ መነሻ ያደረጉትም የደቡብ ኮርያን ወጣቶች ልማድ ነው። ኮርያ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ከ1943 ዓ. ም. ጀምሮ የዘመቱላት አገር መሆኗን ሁላችንም በታሪክ ትምህርት ተምረናል። ዛሬ በዚያ አገር ቢ ቲ ኤስ የተባሉ ወጣት ዘፋኞች በዓለም ሁሉ ታውቀዋል። እነዚህ ወጣቶች በ2009 ዓ. ም. መጀመሪያ ዊንግስ የተባለውን አልበማቸውን ሲያወጡ፣ ሄርማን ሄሰ የተባለው ደራሲ በጀርመንኛ ከጻፈው ዴሚያን ከተባለው መጽሐፍ ብዙ ሐሳብ ወስደው ነበር። ወዳጆቻቸውም ዘፈኑን ሰምተው ዝም አላሉም፤ መጽሐፉን እየፈለጉ አነበቡት።

መምህራችን ይህን ከነገሩን በኋላ፣ በእኛስ አገር ከመጽሐፍ የተወለደ ዘፈን አለን ወይ ብለው ጠየቁ። መልሱን ለማግኘት ማንም አልተቸገረም። በዚያው በ2009 ዓ. ም. በሚያዝያ ወር ቴዎድሮስ ካሣሁን፣ ሕዝቡ ቴዲ አፍሮ የሚለው ድምፃዊ፣ ኢትዮጵያ የተባለውን አልበሙን ሲያወጣ፣ ማር እስከ ጧፍ የሚለው ዘፈን በውስጡ ነበረበት። ይህ ዘፈን ፍቅር እስከ መቃብር በተባለው መጽሐፍ ላይ የተመሠረተ ነው። ዘፈኑን ከመካከላችን የማያውቅ አልተገኘም። መጽሐፉን አንብቤአለሁ ብሎ እጁን ያነሣ ተማሪ ግን ጥቂት ነበር፤ የደራሲውን ሕይወት የሚያውቀው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እኔም ስለ እኒህ ታላቅ ሰው ከመጻሕፍትና ከመምህራን የሰበሰብሁትን ለጓደኞቼና ለወላጆቻችን በአጭሩ ለማቅረብ አሰብሁ።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ. ም. በጥቅምት ወር፣ በጎጃም በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለው ቦታ ተወለዱ። አባታቸው ካህን ነበሩና ልጃቸውን ገና በሕፃንነቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላኩት። ሐዲስ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። እነዚህ ሦስት ስፍራዎች በጎጃም የቅኔና የመጻሕፍት ትምህርት ከታወቀባቸው ደብሮች ውስጥ የሚቈጠሩ ናቸው። የዚያን ጊዜ ተማሪ ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበር ለእኛ አገር ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ ቁራሽ እየለመነና ከውሻ ጋር እየታገለ የሚማር ልጅ ነበር። ሐዲስ ይህን ኑሮ አይተውታልና፣ በኋላ ስለ ቆሎ ተማሪ ሲጽፉ ከሩቅ ሆኖ እንደሚያይ ሰው አልጻፉም።

ከዚህ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት በአዲስ አበባ መስፋፋት ሲጀምር፣ ወጣቱ ሐዲስ ወደ ዋና ከተማ መጥተው በስዊድን ሚሲዮን ተማሪ ቤትና በተፈሪ መኰንን ተማሪ ቤት ተማሩ። ቀጥሎም በመምህርነት አገለገሉ። እንዲህ ሆነው አሮጌውንና አዲሱን ትምህርት በአንድ ራስ ላይ አገናኙ። ቅኔው የቃልን ውስጠ ምስጢር፣ ዘመናዊው ትምህርት ደግሞ የዓለምን ስፋት አሳያቸው።

ነገር ግን ይህ የጥናትና የማስተማር ጊዜ ብዙ አልቈየም። በ1928 ዓ. ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ሲወር፣ የጎጃም ገዥ የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ሐዲስም ከዘማቾቹ አንዱ ነበሩ። በሽሬ በየካቲት ወር መጨረሻ የተደረገው ጦርነት እጅግ ከባድ ነበር፤ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ወገናችንን በቦምብና በመርዝ ጋዝ ፈጁት። ሐዲስ ግን ጦሩ ከተፈታ በኋላም መሪያቸውን አልተዉም። ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሄደው ትግሉን በቀጠሉ ጊዜ አብረው ነበሩ። በመጨረሻም በታኅሣሥ 1929 ዓ. ም. ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አካባቢ በጠላት ተከበው ሲያዙ፣ ሐዲስም ተማረኩ።

ምርኮኞቹ ወደ ኢጣልያ አገር ተወሰዱ። ሐዲስ በባሕር በተከበቡት በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች እየታሰሩ ሰባት ዓመት ያህል በግዞት ኖሩ። እስቲ አስቡት፤ ሲማረኩ ዕድሜአቸው ገና ከሃያ ሰባት ዓመት አያልፍም ነበር። አንድ ሰው ቤት የሚሠራበትና ጎጆ የሚወጣበት የወጣትነት ጊዜ በባዕድ አገር እስር አለፈ ማለት ነው። ነጻ የወጡት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባበሩት መንግሥታት ጦር ወደ ኢጣልያ በገባ ጊዜ ነው።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ ጀመሩ። በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆነው ሠሩ፤ በአሜሪካና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገራቸውን ወክለው አገለገሉ፤ ቈይተውም በለንደን አምባሳደር ሆኑ። በአገር ውስጥም ለአጭር ጊዜ የትምህርት ሚኒስትር፣ በኋላም የፕላንና ልማት ሚኒስትር ሆነው ተሹመዋል። እንግዲህ ቁራሽ ይለምን የነበረው የዲማ ተማሪ ከነገሥታትና ከመሪዎች ፊት የሚቆም ሰው ሆነ። ይሁን እንጂ ዛሬ ስማቸውን የምናነሣው በሹመታቸው አይደለም። ከእርሳቸው በፊትና በኋላ ብዙ ሚኒስትሮች ተሹመዋል፤ የአብዛኞቹን ስም ግን ከመዝገብ ፈልገን ካልሆነ በቀር አናውቀውም።

ስማቸውን ያቈየው ብዕራቸው ነው። በ1948 ዓ. ም. ተረት ተረት የመሠረት የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1958 ዓ. ም. ፍቅር እስከ መቃብር ታተመ። ከዚያም በ1974 ዓ. ም. ወንጀለኛው ዳኛ፣ በ1980 ዓ. ም. የልምዣት፣ በ1985 ዓ. ም. ትዝታ ተከተሉ። ትዝታ በጦርነቱና በግዞቱ ዘመን የደረሰባቸውን የሚተርኩበት መጽሐፍ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ የጠላትን ግፍ በገዛ ሰውነታቸው የቀመሱ ሰው ናቸው። ብዕር ሲያነሡ መጀመሪያ የሚጽፉት ስለዚያ ግፍ ይሆናል ብሎ የሚገምት ብዙ ነው። እርሳቸው ግን ትዝታን ያሳተሙት ዕድሜአቸው ከሰማንያ ካለፈ በኋላ ነው። በብርቱነታቸው ዘመን የጻፉት ትልቁ መጽሐፍ የባዕድን ሳይሆን የገዛ ቤታችንን በደል የሚመረምር ነው። በትውልድ መኵራት፣ ባላገሩን ያለ መጠን ማስገበር፣ የልጅን ልብ ሳይጠይቁ በዕድሏ መፍረድ፣ እነዚህን ሁሉ እንደ መስተዋት አድርገው አሳዩን። አገሩን ከጠላት የተከላከለ ሰው የአገሩን ጉድለት ደግሞ ሳይፈራ ሲናገር፣ ፍቅሩ እውነተኛ እንደ ሆነ ይታወቃል።

መጽሐፉን ላላነበቡት ታሪኩን በአጭሩ ላመልክት። ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው እጅግ የሚኰሩ የጎጃም ባላባት ናቸው። ሰብለ ወንጌል የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ለጋብቻ የሚጠይቃትን ሁሉ በትውልድ አይመጥነንም እያሉ ሲመልሱ፣ የልጅቱ ዕድሜ በከንቱ ያልፋል። በዛብህ የተባለው የድሀ ልጅ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተሳሉት፣ በትምህርቱ የላቀ ወጣት ነው። ሰብለን እንዲያስተምር ወደ ፊታውራሪ ቤት ሲገባ ሁለቱ ይዋደዳሉ። ጉዱ ካሣ የሚባለው የፊታውራሪ ዘመድ ደግሞ የዘመኑን ሥርዓት የሚነቅፍ ዐዋቂ ነው፤ ሰው ግን እብድ ይለዋል። ባላገሮችም ከልማድ ውጭ ግብር ሲጠየቁ፣ አበጀ በለው የተባለውን ሰው መሪ አድርገው በፊታውራሪ ላይ ይነሣሉ። ፍቅረኞቹ በመጨረሻ ምን እንደሚደርስባቸው የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ያመለክታል፤ እንዴት እንደሚደርስ ግን አንብባችሁ እንድትደርሱበት ትቼዋለሁ።

ይህ መጽሐፍ ከከተማ አልፎ እስከ ገጠር የዘለቀው በሁለት ድምፅ ነው። የመጀመሪያው የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ወጋየሁ የታወቀ የመድረክ ተዋናይ ነበር፤ በደርግ ዘመን ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርከው፣ ማንበብ የማይችለውም ሰው ሳይቀር ሰብለንና በዛብህን እንደ ጎረቤቶቹ አወቃቸው። አያቴ የእስቴ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ለመማር ወደ ጎጃም የተሻገሩት በሞጣ በኩል ባለው ሰባራ ድልድይ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የድልድዩ መካከል የፈረሰ ስለ ሆነ መንገደኛ የሚሻገረው በገመድ እየተሳበ ነው። እርሳቸው እንደሚነግሩኝ፣ ትረካው በሚሰማበት ሰዓት ራዲዮ ያለበት ቤት በጎረቤት ይሞላ ነበር። ስለ በዛብህ የተማሪነት ኑሮ ሲተረክ፣ የጻፈው ሰው አኩፋዳ ያንጠለጠለ መሆን አለበት ብለው ወዲያው እንደ ፈረዱ ይናገራሉ። ፍርዳቸውም ትክክል ነበር።

ሁለተኛው የቴዎድሮስ ካሣሁን ድምፅ ነው። ዘፈኑ የመጽሐፉን ሰዎች ስም እያነሣ ፍቅራቸውን ያስታውሳል። ርእሱም ቢሆን ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ማርና ጧፍ ሁለቱም የንብ ሥራ ናቸው፤ ማሩ ይበላል፣ ሰሙ ደግሞ ጧፍ ሆኖ እየነደደ ብርሃን ይሰጣል። ጣፋጩ ነገር በመጨረሻ ነድዶ የሚያልቅ መሆኑን እንዲህ ባለ አጭር ቃል መናገር የቅኔ ዘመድ ነው። ንብ የሚያንብ የጋይንትና የስማዳ ገበሬ ይህን ምስጢር ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ሆኖም ዘፈን የጥቂት ደቂቃ ነገር ነውና ሁሉን ሊይዝ አይችልም። የባላገሩን አቤቱታ፣ የጉዱ ካሣን ሙግት፣ የፊታውራሪን ትዕቢትና ውድቀት የያዘው መጽሐፉ ነው። ዘፈኑ በር ነው፤ በር ላይ ቆሞ የቀረ እንግዳ ደግሞ የቤቱን ማዕድ አይቀምስም።

የዚህ ማዕድ ጉዳይ ለእኛ ለምን እንደሚያስፈልግ ልናገር። ባለፈው ዓመት ከእኛ ጋር ትማር የነበረች አንዲት ጎበዝ እኅታችን ከፋሲካ በኋላ ወደ ክፍል አልተመለሰችም። ቈይተን ስንሰማ ተድራለች። ዕድሜዋ ገና ዐሥራ ስድስት ዓመት ነበር። የአገራችን የቤተሰብ ሕግ ወንድም ሆነ ሴት ዐሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይጋቡ ይከለክላል፤ በአንዳንድ ቤት ግን ልማድ ሕግን ይቀድማል። በመጽሐፉ ውስጥ ሰብለ ወንጌል በአባቷ ትዕቢት ምክንያት ሳትዳር ቀረች፤ የእኛይቱ እኅት ደግሞ በችኰላ ተዳረች። ሁለቱ ነገሮች የተቃረኑ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱንም ምን ትወጃለሽ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ ከ1958 ዓ. ም. ጀምሮ በመጽሐፋቸው የሚጠይቁን ጥያቄ ይኸው ነው፤ ዛሬም መልስ ይፈልጋል።

ስለ ጠባያቸውም አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት በወደቀበት የለውጥ ጊዜ ደርግ ሐዲስ ዓለማየሁን ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ጠይቋቸው ነበር። እርሳቸው ግን አልተቀበሉም። ብዙ ሰው ለሹመት ሲሽቀዳደም፣ የቀረበለትን ትልቅ ወንበር ትቶ ወደ ብዕሩ የተመለሰ ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ የጻፏቸው ሦስት መጻሕፍት የዚያ ውሳኔ ፍሬዎች ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሥራቸውን አክብሮ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ. ም. በዘጠና አራት ዓመታቸው ዐርፈው በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ማር እስከ ጧፍ የተዘፈነው እርሳቸው ካረፉ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። እርሳቸው አልሰሙትም። መጽሐፋቸው ግን ከሞታቸው በኋላ አዲስ ትውልድ ዘንድ በአዲስ ድምፅ ደረሰ፤ ሰው ቢሞት ቃሉ እንደማይሞት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

እንግዲህ የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፤ ዘፈኑን እንተው አልልም፤ ከዘፈኑ ወደ መጽሐፉ እንለፍ እላለሁ እንጂ። በቤተ መጻሕፍታችን ያሉት ቅጂዎች ጥቂት ስለ ሆኑ፣ የወሰደ ሰው ሳያዘገይ አንብቦ ለሌላው ያስተላልፍ። መምህራን ሆይ፤ በሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ምዕራፍ እያካፈላችሁ ብታስነብቡን ምስጋናችን ይበዛል። ወላጆቻችን ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ማንበብ ያልተማረ ቢኖር አይዘን፤ አባቶቻችን ታላቁን ትምህርት በቃል ተቀብለው በቃል አስተላልፈዋል። ማታ ከእራት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ልጃችሁን መጽሐፉን ይዞ እንዲያነብላችሁ እዘዙት። ፊታውራሪ መሸሻ ሰብለ ወንጌልን ለጠየቀ ሰው የሚሰጡትን መልስ ስትሰሙ፣ አጠገባችሁ ተቀምጣ የምታዳምጠውን ልጃችሁን ቀና ብላችሁ እዩአትና አሳቧን ጠይቋት።